እንግዳ ሆነው የተማሩ መምህር

የ2007 ዓ.ም. ጸሎተ ሐሙስ ነበር። ጉልባኑ እሳት ላይ ተጥዷል፤ እናቴ ከከሰል ምድጃው አጠገብ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ክዳኑን እየከፈተች ታያለች። ስድስት ኪሎ ሶሲዮሎጂ የምታጠናው ልጄ ገባችና ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ «እማዬ፣ ፕሮፌሰር ሌቪን አረፉ» አለችኝ። ያረፉት በሆሣዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ መጋቢት 26 ቀን ነው። ዕድሜያቸው 83 ነበር።

እናቴ እጇን ከክዳኑ ላይ አንሥታ፣ «ነፍስ ይማር! የማን ልጅ ነው?» ብላ ጠየቀች። የዕድርተኛ ሰው መስሏት ነው።

«አይ አያቴ፣ ፈረንጁ ናቸው፤ መንዝ የነበሩት» አለቻት ልጄ።

እናቴ ጥቂት አሰበችና፣ «ያ መጽሐፍ የጻፈብን?» አለች። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እሱማ እንግዳችን ነበር» ብላ እንደገና ነፍስ ይማር አለች።

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ሠራተኛ እናቶች ችግር ነው። ዛሬ ስለ አንድ የሺካጎ ፕሮፌሰር መጻፌ ለአንዳንድ አንባቢዎቼ እንግዳ ነገር ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ፕሮፌሰር ዶናልድ ሌቪን የጻፉት ስለ እኛው ቤት ነው፤ ስለ አነጋገራችን፣ ስለ እንግዳ አቀባበላችን፣ ልጆቻችንን ስለምናሳድግበት አኳኋን። ከጻፉት ውስጥ አንዳንዱ አስደስቶኛል፣ አንዳንዱ አናዶኛል፣ አንዱ ነገር ግን ከልጄ ጋር ያለኝን አነጋገር አስለውጦኛል። ክፍል ውስጥ አስተምረውኝ አያውቁም፤ ሆኖም የመምህርነት ዕዳ አለብኝና ዕዳዬን ለመክፈል ያህል ይህችን እጽፋለሁ።

ሶሲዮሎጂ የሚባለው ትምህርት ስሙ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ሩቅ አይደለም። ሰዎች አብረው ሲኖሩ ምን ዓይነት ወግ፣ ምን ዓይነት ማኅበር፣ ምን ዓይነት ትእዛዝና እሺታ እንደሚፈጥሩ የሚመረምር ነው። ዕቁብ ላይ ዕጣ የደረሰው ሰው ለታመመ ጓደኛው ለምን ተራውን ይለቅቃል? ምራት አማቷ ፊት ለምን ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች? ለቅሶ ቤት ማን ከማን ቀድሞ ይቀመጣል? እነዚህ ሁሉ የሶሲዮሎጂ ጥያቄዎች ናቸው። እኛ ስለኖርንባቸው አንጠይቃቸውም፤ የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የመጣ ነው።

ሌቪን የተወለዱት በ1931 በአሜሪካ፣ በፔንስልቬኒያ ግዛት፣ ኒው ካስል በምትባል ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገርና የመጻሕፍት ዘመኖች በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) ሦስቱንም ዲግሪያቸውን ያገኙት ከሺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ዶክትሬታቸውን በ1957 ሲቀበሉ የጻፉት ስለ ሁለት የኅብረተሰብ ሊቃውንት፣ ስለ ጀርመናዊው ጌኦርግ ዚመልና ስለ አሜሪካዊው ታልኮት ፓርሰንስ ነበር። በዓመቱ፣ በ1958፣ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። እስከ 1960 እዚሁ ቆይተው ለጥናታቸው ከመረጧቸው ቦታዎች ዋናው መንዝ ነበር።

መንዝን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ በሰሜን ሸዋ የሚገኝ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ብርዳም አገር ነው። ገብስና በግ ኑሮው ነው፤ ከበጉ ጠጉር የሚሠራው ባና ዛሬም የታወቀ ነው። የሸዋ ነገሥታት ዘርም ከዚያ ይነሣል። እናቴ የዚያ አገር ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ በመጣች በስንትና ስንት ዓመቷ እንኳ ክረምት ሲገባ ባናዋን ከሣጥን የምታወጣ ሴት ናት። ሌቪን መንዝ በነበሩበት ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ ነበረች፤ እሳቸውን ግን አላየቻቸውም።

የዛሬውን አያርገውና መጽሐፉን መጀመሪያ ያነበብኩ ጊዜ እየተረጎምኩ አነብላት ነበር። ፈረንጁ እንዲህ አለ፣ እንዲያ አለ እያልኩ ስቀጥል አቋረጠችኝና፣ «ቆይ፤ ለመሆኑ ያደረበት ቤት እግሩን አጥበውታል?» አለችኝ። ስለ ገበሬው እንግዳ አክባሪነት ብዙ እንደጻፉ ነገርኳት። «እንግዲያው ቀጥይ» አለች። እግሩ ካልታጠበ እንግዳ የሚጻፈውን ለመስማት ፈቃደኛ አልነበረችም ማለት ነው።

መጽሐፉ በ1965 የታተመው «ሰምና ወርቅ» የተባለው ነው። ስሙ ከቅኔያችን የተወሰደ መሆኑን መናገር አያስፈልግም። አንጥረኛ ጌጥ ሲሠራ በሰም ቅርጽ ያወጣል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ወርቁ ቀልጦ ሲገባ ሰሙ ይፈስሳል። በቅኔም ላይ ላዩን የሚሰማው ሰም፣ ውስጡ ያለው ወርቅ ነው። ሌቪን ይህን የሊቃውንት ጥበብ ከደብተራ ማኅበር አውጥተው ወደ ዕለት ኑሮ አመጡት፤ መላው አነጋገራችን በዚህ መንገድ የተቃኘ ነው አሉ። እኔ ምሳሌውን ከማጀት ላምጣ። አንዲት አማት ምራቷ የሠራችውን ወጥ ቀምሳ፣ «እጅሽ ይባረክ፤ ዘንድሮስ ጨው ረክሷል መሰል» ብትል ሰሙ ምርቃትና የገበያ ወሬ ነው፤ ወርቁን ግን ምራቲቱም፣ ባሏም፣ በር ላይ የቆመችው የቤት ሠራተኛም ያውቁታል።

እንዲህ ያለው አነጋገር ምን ይጠቅማል ብለው ሌቪን ጠይቀዋል። ሰው ይጫወትበታል፣ ይስቅበታል፤ ፊት ለፊት ቢናገረው የሚያጣላውን ስድብ በወግ ሸፍኖ ያቀብልበታል፤ የሰው ዓይን እንዳይገባበት የሚፈልገውን የልቡን ጓዳ ይዘጋበታል፤ ደግሞም ጌታን በግልጽ መንቀፍ በማይቻልበት ዘመን ብሶቱን ያስተነፍስበታል። አራቱንም አምኜ እቀበላለሁ። አምስተኛውን ግን ሌቪን አልጻፉትም፤ ወንድ ስለሆኑም ይሆናል። ሴት ልጅ ባሏንና አማቷን ሳታስቀይም «አይሆንም» የምትልበት መንገድ ይኸው ብቻ ነበር።

ሌቪን ጥቅሙን ከዘረዘሩ በኋላ ግን ትችት አስከተሉ። አዲሱ ዘመን የሚጠይቀው ሥራ፣ ሕጉ፣ ፋብሪካው፣ ሳይንሱ፣ አንድ ቃል አንድ ትርጉም ብቻ እንዲኖረው ይፈልጋል፤ በሰምና ወርቅ የለመደ አንደበት ለዚህ ይቸገራል የሚል ነው። በዚህ እንኳ ልንጣላ አንችልም። የመድኃኒት አወሳሰድ በቅኔ አይነገርም፤ በፈረቃ የምትሠራ ሠራተኛም ከማሽኑ አጠገብ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ ወርቁን ልፈልግ ብትል እጇን ታጣለች።

ያናደደኝ ሌላው ነበር። በገበሬው ቤት የልጅ ትልቁ ምግባር መታዘዝና በትልቅ ሰው ፊት ዝም ማለት እንደሆነ፣ ወደ ትምህርት ቤት የገባው ወጣት ደግሞ በዚህ አስተዳደግና በአዲሱ ትምህርት መካከል እንደሚጨነቅ ጽፈዋል። «ፈረንጅ ምን አግብቶት!» ብዬ መጽሐፉን አጥፌ አስቀመጥኩት። ልጆቻችንን ጨዋ አድርገን ማሳደጋችን እንደ ጉድለት ተቆጥሮ መጻፉ ከነከነኝ። እውነቱን ለመናገር ግን የከነከነኝ ሌላ ነገር ስለነበረ ነው።

ልጄ የ9 ዓመት ልጅ ሳለች አንድ እሑድ ዘመድ ተሰብስቦ ምሳ እንበላለን። ባለቤቴም እኔም እንግዳ እንቀበላለን፤ እሷ የእጅ ውኃ ታስታጥባለች። በመካከል አንዱን አጎቷን ቀና ብላ አየችና፣ «አጎቴ፣ ለምንድን ነው አንተ ሁልጊዜ...» ብላ ጀመረች። ምን ልትል እንደሆነ ሳልሰማ ከገበታው ሥር ቆነጠጥኳት። ዝም አለች። እንግዶቹ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት» ብለው መርቀዋት ሄዱ፤ እኔም ኮራሁ።

እኔም ያደግኩት እንዲሁ ነው። በተማርኩበት ትምህርት ቤት አንድ ቀን እጄን አውጥቼ ብጠይቅ መምህሩ «አንቺን ደግሞ ማን ጠየቀሽ? ተቀመጪ!» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ እስከ 12ኛ ክፍል እጄን ያወጣሁበትን ቀን አላስታውስም። ይህን ሁሉ ግን ከቁንጥጫው ጋር አያይዤው አላውቅም ነበር። ያን የተዘጋ መጽሐፍ ከሳምንት በኋላ መልሼ ስከፍተው ነው የተያያዘልኝ። ማታ ልጄን ከአልጋዋ ጠርዝ ተቀምጬ፣ «ያን ዕለት አጎትሽን ምን ልትጠይቂው ነበር?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና፣ «ረስቼዋለሁ» አለችኝ።

እናቶች ሆይ፣ የቆነጠጥኳት እኔ ነኝ፤ ያመመኝም እኔን ነው። እስከ ዛሬ ጥያቄው ምን እንደነበረ አላወቅሁም።

ከዚያ በኋላ በቤታችን አንድ ልማድ ገባ። እንግዳ ፊት የማይጠየቅ ነገር ካለ «ማታ ጠይቂኝ» እላታለሁ፤ ማታ ደግሞ ትጠይቀኛለች፤ እኔም ባላውቀው አላውቅም እላለሁ። መልስ አጥቼ ያደርኩበት ሌሊት ብዙ ነው። ሶሲዮሎጂ ላጥና ብላ ስትመርጥ አባቷ «ሕክምናውስ?» ቢል፣ እኔ ከየት እንደመጣ አውቄ ዝም አልኩ።

አሁን ወደ ሌቪን ልመለስ፤ እዚህ ላይ ነው የእሳቸው መምህርነት ለእኔ የሚጀምረው። ስለ እኛ ብዥታ ወዳድነት ያን ያህል የጻፉ ሰው ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1985፣ ሌላ መጽሐፍ አወጡ። መልእክቱ ወደ ራሳቸው አገር የዞረ ነው። ምዕራባውያን፣ በተለይም የኅብረተሰብ ሳይንስ ሊቃውንት፣ ቃልን ሁሉ አንድ ትርጉም ብቻ እናድርገው እያሉ ከብዥታ ሸሽተዋል፤ ሲሸሹም የሰውን ልጅ ኑሮ ግማሹን ጥለውታል አሉ። ሁለት ትርጉም ያለው ንግግር የሚያቀራርብበት፣ የሚያስታርቅበት፣ የሰውን ክብር የሚጠብቅበት ጊዜ እንዳለ ለአሜሪካውያን አስረዱ። ይህን ከየት ተማሩት? ቅኔ ካለበት አገር ነዋ! ሊያጠናን የመጣው ሰው ተማሪያችን ሆኖ ተመለሰ፤ የተማረውንም ሳይደብቅ አስተማረ። ብዙ ሊቃውንት በወጣትነታቸው የጻፉትን እስከ መቃብር ሲከላከሉ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለው ግን ጥቂት ነው።

በሺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመሩት በ1962 ሲሆን ከዚያ ወዲያ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ከዩኒቨርሲቲው አልተለዩም። ከ1982 እስከ 1987 የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የሚማሩበት ኮሌጅ ዲን ነበሩ፤ በመልካም አስተማሪነትም የዩኒቨርሲቲውን ሽልማት አግኝተዋል። በ2006 ስለ ትምህርት በጻፉት መጽሐፍ ውስጥ ደጋግመው የሚሉት ትምህርት ዕውቀት እንደ እህል በጎተራ ማጠራቀም ሳይሆን የተማሪውን ችሎታ፣ የማየት፣ የመስማት፣ የመጠየቅ ኃይሉን ማሳደግ ነው የሚል ነው። መጽሐፍ መጻፍ ብቻውን ደግ አስተማሪ አያደርግም፤ ክፍላቸውን ግን እንዴት እንደመሩት የሚያሳይ አንድ ነገር አለ።

ሌቪን አይኪዶ የሚባለውን የጃፓን የትግል ጥበብ የሚያውቁና የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ። በዚህ ጥበብ ለማጥቃት የመጣውን ሰው መልሰው አይመቱትም፤ ኃይሉን ተቀብለው አቅጣጫውን ያስለውጡታል እንጂ፤ እሱም ሳይጎዳ እርስዎም ሳይጎዱ ነገሩ ይበርዳል። እሳቸው ይህን ከሶሲዮሎጂ ጋር አጋብተው ስለ ግጭት የሚያስተምር ኮርስ አዘጋጁ። ተማሪዎቹ ስለ ጠብና ስለ እርቅ የተጻፈውን ካነበቡ በኋላ ምንጣፍ ላይ ወጥተው በአካላቸው ይለማመዱታል። ፕሮፌሰር ተማሪው ፊት ጫማውን አውልቆ ምንጣፍ ላይ ሲወጣ አስቡት! በነገራችን ላይ መርካቶ ያለች ባለሱቅ የተቆጣ ደንበኛዋን «እሺ የኔ ጌታ፣ እሺ፣ ልክ ነህ» ብላ ስታበርደው ያየ ሰው አይኪዶ ለኢትዮጵያ ሴት ያን ያህል አዲስ አለመሆኑን ይረዳል።

ይህንኑ ጥበብ ለሰላም ሥራ የሚያውል ድርጅት አቋቁመው ነበር፤ ሥራው እስከ ሐዋሳ ደርሶ ወጣቶች አይኪዶ እንዲማሩ ረድቷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2004 የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል። እሳቸውም ለኢትዮጵያውያን በሚጽፉት ጽሑፍ ላይ ሊበን ገብረ ኢትዮጵያ በሚለው ስም ይፈርሙ ነበር።

ሁለተኛው ትልቅ መጽሐፋቸው ስለ ሰፊዋ ኢትዮጵያ የጻፉት ነው። የታተመው አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት፣ በ1974 ሲሆን፣ በኋላ በአማርኛም ተተርጉሟል። ከዚያ በፊት አንዳንድ የውጭ ሊቃውንት ኢትዮጵያን የሕዝቦች ሙዚየም ይሏት ነበር፤ እያንዳንዱ ሕዝብ በየመስታወቱ ውስጥ ለብቻው እንደተቀመጠ ያህል። ሌቪን ይህን ነቀፉ። እነዚህ ሕዝቦች ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲነግዱ፣ ሲሰደዱ፣ ሲጋቡ፣ ሲዋጉ፣ በአንድ ቦታ ሲሳለሙ ኖረዋልና አንዱ ያለ ሌላው አይታወቅም አሉ። በሁሉም ዘንድ ግን ተቀባይነት አላገኘም። ሊቃውንት መካከል ለአማራው የሰጡትን ስፍራና ስለ ኦሮሞው ሚና የጻፉትን የተቃወሙ አሉ፤ ክርክሩ ዛሬም አላበቃም። በእኔ አስተያየት የመጀመሪያው መጽሐፋቸው የአንድ ደጋ አገር ገበሬን ይዞ «የኢትዮጵያ ባህል» ማለቱ ያለቦታው ነበር፤ ሁለተኛው መጽሐፍ ያን የሚያሰፋ ሙከራ ነው።

ሌቪን ከዚመል ጽሑፎች መርጠው በ1971 ባሳተሙት መድበል ውስጥ በራሳቸው እጅ ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት አንድ አጭር ጽሑፍ አለ፤ ስለ እንግዳ ሰው ነው። ጽሑፉ የሚያወራው መጥቶ ስለሚሄድ መንገደኛ ሳይሆን መጥቶ ስለሚቀመጥ እንግዳ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቅርብም ሩቅም ነው። የቤቱ ሰው የማያየውን ያያል፤ የቤቱ ሰው ለቤቱ ሰው የማይነግረውን ምሥጢር ይነግሩታል። ያን የተረጎሙት መንዝ ቆይተው ከተመለሱ በኋላ መሆኑን ሳስብ እናቴ ስለ እግር መታጠብ የጠየቀችው ጥያቄ ትዝ ይለኛል።

ያን ዕለተ ሐሙስ ልጄ ቦርሳዋን አስቀመጠችና ከአያቷ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። የሴሚስተሩ ጽሑፏ በሌቪን መጽሐፍ ላይ ነበር። «አያቴ» አለቻት፣ «ሰውዬው የመንዝ ሰው ግለኛ ነው፣ እያንዳንዱ ለራሱ ነው፣ አብሮ መሥራት ይከብደዋል ብለው ጽፈዋል። እውነት ነው?»

እኔ ደነገጥኩ። ነፍስ ይማር በተባለ ገና ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የሟችን ስህተት መፈለግ ከወግ ውጭ መሰለኝ፤ እጄም ለልማዱ ሊንቀሳቀስ ምንም አልቀረው።

እናቴ ግን አልከፋትም። ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ወንፈሉንስ አላሳዩትም? ደቦውንስ?» አለች። «አባቴ ሲሞት ያ ሁሉ ገብስ ማሳ ላይ ነበር። እናቴ ብቻዋን፣ እኛ አምስት ልጆች። በሁለት ቀን አጭደው፣ ከምረው፣ በላዩ ላይ ድንጋይ ጭነው ሄዱ፤ ጠላ እንኳ አልጠጡልንም፣ ሐዘን ቤት ነው ብለው።» ዝም አለች። «ግን እሱም አልዋሸም። በርስት ጊዜ ወንድም ከወንድሙ ተካስሶ እስከ አዲስ አበባ ይመጣል። ሴቷም ርስት ትወርሳለችና እኅትም ወንድሟን ትከስሳለች። እኔን ራሴን ታናሽ ወንድሜ ስንት ዓመት አመላለሰኝ!» ይህን የርስት ክስ እኔ በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«ይህንንም ልጻፈው?» አለች ልጄ።

«ሁለቱንም ጻፊው። እኔ ያልኩሽንም፣ እሱ ያለውንም።»

ልጄ ደብተሯን ከቦርሳዋ አወጣች። «እሺ አያቴ፤ ቀስ በይልኝ። ከወንፈሉ እንጀምር፤ ማን ነው ማንን የሚጠራው?»

እናቴ መናገር ጀመረች። እኔ ጉልባኑን ላየው ተነሣሁ።